“ሳቂዋ” የተባለችው ሥዕል ለልጄ ትሰጥ

ዛሬ ቅዳሜ፣ ወር በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። እኔ ሠዓሊ ነኝ፤ ሰፈሩ “ዓይኔ” እያለ የሚጠራኝ፣ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ ሚስቴን የቀበርኩ፣ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ አባት። ቀኝ ጎኔ በድን ከሆነ አምስት ወር አልፎታል። ሐኪሙ ለወንድ ልጄ በሹክሹክታ የነገረውን ሰምቻለሁ፤ ሐኪሞች ጎኑ የሞተ ሰው ጆሮውም የሞተ ይመስላቸዋል። ምላሴ ግን ይሠራል፤ አእምሮዬም በቦታው አለ። ይህን ቃል የሚጽፍልኝ ሰው ከፍርድ ቤት በጡረታ የተሰናበተ ጸሐፊ ነውና እንደ ደንቡ ሊፈትነኝ ዕለቱንና የልጆቼን ቁጥር ጠየቀኝ። መለስኩለት። ጨምሬም የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር መተከሉን ነገርኩት። “በቃ፣ አእምሮዎ ከኔ ይሻላል” አለና ብዕሩን አነሣ። ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም፤ ዝም በል ያሉኝ ናቸው የሚበዙት።

በአልጋዬ ዙሪያ የተቀመጡት ምስክሮች ሦስት ናቸው፤ ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው መጠጥ ቤት ባለቤት እትዬ። ሦስቱንም የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደመረጥኳቸው ወደ ኋላ ይገባቸዋል። ታናሽ እኅቴና ወንድ ልጄም አሉ። ሴት ልጄ የለችም። እኅቴ ከትናንት ወዲያ ጀምራ አራት ጊዜ ደውላላታለች። በመጨረሻው ጊዜ የመለሰችው ቃል ይህ ነው፤ “አክስቴ፣ አንቺን እወድሻለሁ። እሱ ዘንድ ግን አልመጣም፤ አትልፊ።” ጸሐፊው “ይኼ እንኳ ለኑዛዜ አይሆንም” አለ። ኑዛዜው የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ ጻፈው አልኩት።

ከንብረቴ በፊት ስለ ሥራዬ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የምሰጠው ምን እንደሆነ አይታወቅም። አርባ ዓመት ሙሉ የሣልኩት አንድ ክፍል ነው፤ የእትዬን መጠጥ ቤት። ዘጠኝ ጠረጴዛ፣ አንድ ባንኮኒ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስተዋት፣ ከበሩ ኋላ የእጅ መታጠቢያ። እኔ ከመታጠቢያው አጠገብ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ የሚለጠፍብኝ ሰው የለም፤ እርጥብ ቦታ ማንም አይወድም።

በመጠጥ ቤት ሰው ደስ ባለው ቦታ ይቀመጣል የሚል ካለ ቁጭ ብሎ አላየም። ሰው የሚቀመጠው ኑሮው ባስቀመጠው ቦታ ነው። የቢሮ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ሲመጣ የወንበሩን ጫፍ ብቻ ይይዛል፤ አለቃው ሳይስቅ አይስቅም፤ አለቃው ሲያቆም እሱም አፉን ይሰበስባል። ጆንያ ተሸካሚው ቆሞ ይጠጣል፤ ወንበር ጠፍቶ አይደለም፤ እሱ የተነሣበት ወንበር በጨርቅ ሲወለወል አንድ ቀን አይቷል። ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚያድሩት አባወራ አንዲቱን ቢራ እስኪዘጋ ድረስ ይዟት ይቆያል፤ የሚጠጣው ቢራውን ሳይሆን መደገፊያ ያለውን ወንበር ነው። ሥዕሎቼን ያዩ ሁሉ “እንዴት ደስ የሚል ጨዋታ ነው” ይሉኛል። እኔ ጨዋታ ሥዬ አላውቅም። የሣልኩት ቤቱ መግባት የፈራ ሰው ሁሉ የሚጠለልበትን ክፍል ነው።

ደግሞም ይህች ቃል ነበረችኝ፤ “ዓይኔ ያላየውን እጄ አይሥልም።” ቅጽል ስሜም የወጣው ከእሷ ነው። እንደ ማኅተም ነበር የምመታት። አሁን ወደ ንብረቴ ልሂድ።

አንደኛ፤ ሁለቱ ክፍል ቤቴና በውስጡ ያለው ዕቃ ለታናሽ እኅቴ ይሁን። አምስት ወር ሙሉ የራሷን ቤት ዘግታ እኔን ስታገላብጥና ስታጥብ ከርማለች፤ አንድ ቀን እንኳ “ኤጭ” አላለችም። ሃያ ዓመቷ ሳለች “ወንድምዓለም፣ እኔንስ አትሥለኝም?” ብላኝ ነበር። “ተራሽ ሲደርስ” አልኳት። ዛሬ ሥልሳ ስምንት ሞላት፤ ተራዋ አልደረሰም። ቤቱን የምሰጣት ስለዚህ ጭምር ነው።

ሁለተኛ፤ ብሩሾቼ፣ ቀለሞቼና የሥዕል ማቆሚያዬ በመንገዱ ጥግ ላይ የሱቅ ማስታወቂያ ለሚጽፈው ሰው ይሰጡ። ሠላሳ ዓመት “ፊደል ቀቢ” እያልኩ ስቄበታለሁ። እሱ ግን ቢሳሳት በማግሥቱ መሰላሉን ተሸክሞ ተመልሶ ያርማል። እኔ አላረምኩም።

ሦስተኛ፤ “መስተዋቱ” የተባለችው ሥዕል ለፀጉር አስተካካዩ ትሁን። ከግብር ቢሮ ኃላፊው ጋር ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሲስቅ የሚታየው እሱ ነው። ከኋላው ያለውን መስተዋት ያየ ግን እዚያ ውስጥ ያለው ፊት እንደማይስቅ ያያል። ይህን ስናገር ፀጉር አስተካካዩ ቀና አለና “ከየት አየኸው አንተ?” አለኝ። ከመስተዋቱ ነዋ። ሱቁን ሊያሽጉበት የነበረ ሳምንት ነው፤ ሰውየው ስለ ገዛ አማቱ ይቀልዳል፤ እሱ ይስቃል። ሃያ አምስት ዓመት ከግድግዳው ሥር ሲቀመጥ ሥዕሏን ቀና ብሎ አይቷት አያውቅም። ይውሰዳት፤ ከፈለገ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዙራት።

“ሰላምታ” የተባለችው ለእትዬ ናት። በመስኮቱ በኩል መንገዱ ይታያል፤ ወንዶች ከሚስቶቻቸው ጋር ያልፋሉ፤ አንገታቸው ሁሉ ወደ ሌላ ወገን ዞሯል። ማታ “እትዬ፣ እናቴ፣ አንድ ድገሚኝ” የሚሏት ናቸው። ባሏ ሞቶ ቤቱን ብቻዋን ስትይዝ ያልተባለችው ስም የለም፤ ስሙን ያወጡላትም እሷ የቀዳችላቸውን እየጠጡ ነው። እትዬ “እሷን እንኳ ከግድግዳዬ አታውርዱብኝ፤ ሲገቡ ይዩዋት” ብላለች። ይሁን፤ በቦታዋ ትቆይ።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። የቀሩትን ሥዕሎች ሁሉ ከአንዷ በስተቀር ለወንድ ልጄ ሰጥቻለሁ። በመጪው ወር በትልቁ አዳራሽ ሊያሳያቸው ተዋውሏል፤ ጫኞቹ ሰኞ ይመጣሉ። ልጄ ደግ ልጅ ነው፤ የአባቱን ስም ተሸክሞ ያለ ዕድሜው ጎብጧል። ባለፈው ሐሙስ ከሥዕሎቹ መሃል የሚለጠፈውን ካርድ አምጥቶ አነበበልኝ፤ “ዓይኑ ያላየውን እጁ ያልሣለ ሠዓሊ።” ድገመው አልኩት። ደስ ያለኝ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመልኝ። የግራ ዓይኔ ሲያነባ “አባዬ፣ ይገባሃል እኮ” እያለ በመሐረብ ጠረገልኝ። እኔ ያለቀስኩት ውሸቱ በወርቅ ቀለም ታትሞ ከኔ በኋላ ሊኖር ስለሆነ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኔ ስም ከመቃብር በላይ ሲውል የሴት ልጄ ስም ከሥር ይቀበራል።

የቀረችው አንዷ “ሳቂዋ” ናት። ከእትዬ ግድግዳ አስወርጃት አሁን ከአልጋዬ ግርጌ ተደግፋ ቆማለች፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ከተማው ሁሉ ያውቃታል። አምስት ወንዶች በጠረጴዛ ዙሪያ፣ በመሃላቸው አንዲት ወጣት ሴት፣ በእጇ ብርጭቆ፣ ፊቷን ወደኛ መልሳ ትስቃለች። ስለ እሷ የምናገረውን ጸሐፊው አንድ ቃል ሳይቀንስ ይጻፍ።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ነው። አንድ የሩቅ እንግዳ ሥዕሎቼን ዞሮ አየና “ሴቶቹስ የት ሄዱ?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሥዕሎቼ ውስጥ ያሉት ሴቶች ወይ ትሪ ይሸከማሉ፣ ወይ ጠረጴዛ ይወለውላሉ፣ ወይ በሩ ላይ ቆመው ባላቸውን ይጠራሉ። የተቀመጠች የለችም። ስላልተቀመጡ አልሣልኳቸውም። ነገሩ ግን ከነከነኝ፤ ለማንም ብላ ሳይሆን ለራሷ የምትስቅ አንዲት ሴት መሃል ላስቀምጥ ፈለግሁ። ወንዶቹን ሣልኩ፤ ወንበሩን ሣልኩ፤ ወንበሩ ግን አራት ወር ባዶውን ቆየ። ክንዱን በመደገፊያዋ ላይ ዘርግቶ የምታዩት ተጓዥ ነጋዴ፣ የዘረጋው በባዶ ወንበር ላይ ነበር። ይህን ያዝልኝ፣ ጸሐፊ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መነጽሬን ፈልጌ ቤቱን አመስኩት። ከአልጋ ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። ልጄ ወጥ ቤት ቆማ ሰሃን ታጥብ ነበር። ዞር ስትል እንደ ድመት በአራት እግሬ ቆሜ፣ መነጽሬን በጥርሴ ነክሼ “መነጽሬን ያያችሁ?” እላለሁ። ያን ጊዜ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በአንድ እጇ ሰሃን ይዛለች፤ እጅጌዋን መሰብሰብ ትረሳለች፤ እናቷ በዚህ ስትጮህባት ነው ያደገችው፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሶ ክንዷ ላይ ተለጥፏል፤ አንጓዋ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። ወደ ሌላው ክፍል ሮጥኩ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ጨረስኳት። ሰሃኑን ብርጭቆ አደረግሁት፤ የቀረውን እንዳለ አስቀመጥኩት። ሠዓሊ ሲባል ጅልነቱ ይህ ነው፤ ፊቱን እንጂ የፊቱን ባለቤት አያስብም። እርካታዬን ይዤ ሄጄ ሥዕሉን እትዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

መጀመሪያ ጠጪዎቹ ተሰብስበው አዩት። ከዚያ አንዱ “ይቺ የሱ ልጅ አይደለችም እንዴ?” አለ። ሌላው “እዚህ መጥታ ታውቃለች?” አለ። ሦስተኛው፣ ዛሬ ምስክር ሆኖ የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ ነው፣ “ዓይኑ ያላየውን እጁ አይሥልም! ራሱ ነው የሚለው!” ብሎ ጠረጴዛውን መታ፤ ሳቁ ቤቱን ሞላው። ማኅተሜን አንሥተው በልጄ ግንባር ላይ መቱት። በሦስተኛው ቀን ነጋዴው ማን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተገናኙ፣ በየትኛው በር እንደምትገባ ሁሉ ይወራ ነበር። ወንዶች ለመቶኛ ጊዜ ገብተው የጠጡበት ቤት አንዲት ሴት በሥዕል አንድ ጊዜ ብትገባበት ጉድ ተባለ። የመጠጥ ቤት ሥዕል የሚገልጠው በውስጡ ያሉትን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሚገልጠው ቆመው የሚያዩትን ነው።

ልጄ በዚያን ጊዜ ለልብስ ሰፊው ልጅ ታጭታ ነበር፤ ቀለበት ከታሰረ ሦስት ወሩ። ልብስ ሰፊው መጣ፤ መነጽሩን አጥልቆ ከሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመ። የለበሰችውን ሸሚዝ የሰፋላት ራሱ ነው። “ፊት ይመሳሰላል፤ ኮሌታዬን ግን አልስተውም” አለ፤ ወጣ። ቀለበቱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሐሙስ ዕለት ተመለሰ።

ልጄ ወደኔ መጣች። “አባዬ፣ ሂድና ንገራቸው። ወጥ ቤት ቆሜ ሰሃን ሳጥብ ነው ያየኸኝ በላቸው። አንድ ቃል እኮ ነው።” እኔም “ነገ” አልኳት። ያን ሳምንት ከጋዜጣ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ያየውን ብቻ የሚሥል ብለው ሊጽፉ። አንዷን ከወጥ ቤት አምጥቼ ባር ውስጥ አስቀምጫለሁ ካልኩ የፀጉር አስተካካዩን መስተዋት ማን ያምናል? የእትዬን መስኮት ማን ያምናል? የሌሎቹን ሥዕሎች እውነት እየጠበቅሁ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ውሸት ነው። የጠበቅሁት ክብሬን ነው። በየቀኑ ለመነችኝ፤ በየቀኑ “ነገ” አልኩ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ “አንተ ሰው፣ አንድ ቃል አነሰህ? ለልጅህ አንድ ቃል?” እያለች ሞተች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጄ “እንግዲያው ፊቴን አጥፋው” አለች። ሥዕሉን ቤት አመጣሁት። ቀለም በጠበጥኩ፤ ብሩሹን ነከርኩ፤ አነሣሁት። እጄ ያን ጊዜ ጤነኛ ነበር፤ ዛሬ ላይ እንዳለው ሬሳ አልነበረም። ከፊቷ ፊት ቆምኩ። አልቻልኩም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ልናገረው፤ ፊቱ አምሮብኝ ነበር። በሕይወቴ ከሣልኩት ሁሉ የተሳካልኝ ያ አንድ ፊት ነው፤ ሳሳሁለት። ብሩሹን አስቀመጥኩ። ዞር ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። የሥዕሏን ፊት ከፊቷ አስበልጬ እንደወደድኩ በዓይኗ አየች። በማግሥቱ በአንድ ሻንጣ ወጣች፤ ሥዕሉን እኔ ወደ እትዬ ግድግዳ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ያየኋት በእናቷ ቀብር ላይ ነው፤ ከጉድጓዱ ማዶ ቆማ ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእጄ ወለምታ ግን በአንድ ቃል ይታሽ ነበር፤ ያችን ቃል ነው የነፈግሁት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩም ተጽናናሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አደረ፤ አልጠራም። አንድ ሰው ተነሥቶ ካልጠረገው እውነት ራሱን አይጠርግም።

ማስረጃዬ ይኸውላችሁ። ጸሐፊ፣ ይህን በደማቁ ጻፈው። ግራ እጅጌዋን እዩ። ጨርቁ ጠቁሮ ክንዷ ላይ ተለጥፏል፤ ከክርኗ በላይ ደረቅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥዕል ሥር ጠጥታችኋል፤ ጥርሷን ቆጥራችኋል፤ የነጋዴው ጣት ትከሻዋን ነክቷል አልነካም ብላችሁ ተወራርዳችኋል። መጠጥ ቤት የተቀመጠች ሴት እጅጌዋ እስከ ክርኗ ለምን ራሰ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። አንጓዋ ላይ ያለውን አረፋ የቢራ አላችሁት። የሳሙና ነው። እኔ ያየሁትን ነው የሣልኩት፤ ያላየሁት ወንበሩን ብቻ ነው። ማየት የፈለገ ዓይን ቢኖር ሥዕሉ ራሱ እየመሰከረላት ነበር፤ እኔም ይህን እያወቅሁ፣ ጥጌ ተቀምጬ አያችሁ አላያችሁ እያልኩ ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን አነሣ። “እኔ ልመሰክር እንጂ ልወቀስ አልመጣሁም” አለ። “ሂድ፣ ጠጋ ብለህ እየው” አልኩት። “ተው እባክህ፤ ልጄ አግብቶ ሦስት ወልዷል። ያለፈ ነገር ነው።” “ለልጅህ አልፏል” አልኩት። አልሄደም፤ አላየም፤ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው። “ሳቂዋ” ለሴት ልጄ ትሰጥ። ብትፈልግ ታቃጥላት፤ ብትፈልግ በቢላ ትፋቃት፤ ወይም ዶሮ ትሸፍንባት፤ ማንም አይጠይቃት። ወንድ ልጄ “አባዬ፣ እሷ እኮ የአዳራሹ መሃል ናት፤ ያለ እሷ ምን አሳያለሁ?” አለ። ባዶውን አሳይ አልኩት። ካርዱም ይቀደድና በምትኩ “ይህ ሠዓሊ የልጁን ሳቅ ከወጥ ቤት ሰርቆ መጠጥ ቤት አስቀመጠ፤ ሲጠየቅም ዝም አለ” ተብሎ ይጻፍ። ልጄ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጄ፣ ስሜን አታስብ፤ ስሜ ሃያ ሁለት ዓመት በልቷል፤ ጠግቧል።

ይህን ስጨርስ አምስት ሰዓት ሆነ። እኅቴ ስልኩን ይዛ ወጣች፤ ጸሐፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለልጄ አነበበላት። ተመልሰው ሲመጡ “ምን አለች?” አልኩ። እኅቴ ዓይኗን ሰበረች። “ምን አለች ነው የምልሽ!”

“‘ስንት ሰው ሰማው?’ አለችኝ። ‘ሦስት ምስክር አሉ’ አልኳት። ‘ሦስት ብቻ?’ አለች።”

ይህን ስሰማ ያልሞተው ጎኔም የሞተ መሰለኝ። ሐሜቱን ከተማ ሙሉ ሰው ሰማው፤ እውነቱን በተዘጋ በር ሦስት አዛውንት። እስከ መጨረሻው ድረስ ለራሴ እያደላሁ ነበር። “በወንበር አድርጋችሁ እትዬ ቤት አሻግሩኝ” አልኩ። እኅቴ “ትሞትብናለህ!” አለች። እዚህስ ብቆይ ምን ልሆን ነው?

ስለዚህ የዚህ ኑዛዜ ሁለተኛው ክፍል በዚሁ ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት በእትዬ መጠጥ ቤት ተነገረ። ወንድ ልጄ፣ ፀጉር አስተካካዩና ከመንገዱ ጥግ የተጠራው ማስታወቂያ ጸሐፊ ከነወንበሬ አሻገሩኝ። ሥዕሉን የሚይዝ እጅ አልተረፈም ነበር፤ ልብስ ሰፊው አንሥቶ፣ ፊቷን ወደ ደረቱ አድርጎ ተከተለን። ቤቱ እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ሙሉ ነበር። እትዬ ሬዲዮኑን ዘጋች። እኅቴ ስልኩን ደውላ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው፤ በዚያኛው በኩል ተነሥቷል፤ ድምፅ ግን የለም። ጸሐፊው ቆሞ አነበበ።

ሁሉም ሰማ አልልም። ሁለቱ ሒሳባቸውን ጥለው ወጡ። አንዱ “አሁን ይኼን ማን ጠየቀው?” አለ። ከጥግ ያለው “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ብሎ ሳቀ፤ እውነቱን ነው፤ አልተቆጣሁም። ጆንያ ተሸካሚው ግን ብርጭቆውን አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀ። አንዳንዶቹ ወደ ሥዕሉ ቀርበው እጅጌውን አዩ፤ ከዚያ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ንባቡ ሲያልቅ ወደ ስልኩ አስጠጉኝ። “ልጄ” አልኩ። “አሁን ሠላሳ ሰው ሰምቷል። ያነሰ ነው፤ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ሌላ ሥራ ልጨምርብሽ አልፈልግም። ሥዕሏን ወንድምሽ ያመጣልሻል። ፊትሽ ነው፤ መልሼልሻለሁ።” በስልኩ ውስጥ የውሃ ድምፅ ተሰማ፤ ሰሃንም ሰሃን ሲነካ። እኅቴ በሹክሹክታ “ዕቃ እያጠበች ነው” አለች። አልዘጋችውም። እኔም አይዘጋ ብያለሁ፤ ይህ ሲጻፍ ውሃው አሁንም ይሰማል።

ከዚህ በፊት የሰጠሁት ሌላ ቃል ቢገኝ ይፍረስ። ይህ ቃሌ ከሞትኩ በኋላ የሚገለጥ ሳይሆን ከዛሬ ጀምሮ የሚነገር ነው። ቀኝ እጄ ስለማይሠራ የግራ አውራ ጣቴን አስቀምጫለሁ።

ተናዛዡ፤ (የግራ አውራ ጣት አሻራ)

ጸሐፊው፤ የተባለውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ በሁለቱም ቦታ ጽፌ አንብቤያለሁ። (ፊርማ)

ምስክር፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት፤ ሥዕሉ የነበረበትን የግድግዳዬን ቦታ ሌላ ነገር አልሰቅልበትም፤ ምን ነበር ላለኝ እነግረዋለሁ። (ፊርማ)

ምስክር፣ ፀጉር አስተካካይ፤ ያን ቀን ጠረጴዛ መትቼ የሳቅሁት እኔ ነኝ። (ፊርማ)

በንባቡ ላይ ከነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች በጀርባው ፈርመዋል፤ ሌሎቹ አንፈርምም ብለዋል።

ምስክር፣ ልብስ ሰፊ፤ ከሁሉም በኋላ መነጽሬን አጥልቄ ቀርቤ አየሁ። ኮሌታው የኔ ስፌት ነው። እጅጌው እስከ ክርን እርጥብ ነው። (ፊርማ)